የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ወደ ኢፐብ ስቀይር ጭረት ያለባቸው ፊደላት ተበላሹ፤ እንዴት ላስተካክላቸው?

ጥያቄ፦ አንባቢዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የቆየ የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ በተራ የጽሑፍ ፋይል (ቲኤክስቲ) አለኝ፤ የቅጂ መብቱ ካለፈ ቆይቷል። በማንበቢያ መሣሪያዬ እንዲመቸኝ ብዬ በካሊበር (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማደራጃና መቀየሪያ ፕሮግራም ነው) ወደ ኢፐብ፣ ማለትም ወደ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል፣ ቀየርኩት። ምዕራፉም አንቀጹም በቦታው ነው፤ የተበላሹት ፊደላቱ ናቸው። (የላቲን ፊደላቱን ስም በእንግሊዝኛው አጠራር ነው የምጽፈው።) አክሳን ቴጉ (ወደ ቀኝ ሽቅብ የሚወጣ ጭረት) ያለባት ኢ መምጣት ባለባት ቦታ ሁሉ ሁለት ምልክት ገብቷል፦ መጀመሪያ ሞገድ የደፋች ትልቅ ኤ፣ ከእሷ ቀጥሎ የቅጂ መብት ምልክት፣ ማለትም ክብ ውስጥ ያለችው ሲ። ሴዲል (ከሥር የሚንጠለጠል ጭራ) ያለባት ሲም እንደዚሁ ሁለት ሆናለች። የተጠማዘዘው አፖስትሮፍ ደግሞ ሦስት ምልክት ሆኗል፦ ቆብ የደፋች ትንሽ ኤ፣ የዩሮ ምልክት፣ ከዚያ የንግድ ምልክት መግለጫዋ ቲኤም። ፈረንሳይኛ ደግሞ አፖስትሮፍ ይወዳል፤ ንጹሕ መስመር ማግኘት ቸግሮኛል።

የገረመኝ ነገር፣ ዋናውን ፋይል በኖትፓድ ስከፍተው ምንም እንከን የለበትም። ኢፐቡ ውስጥ ገብቼ አንድ በአንድ እየፈለግሁ ልተካ ወይስ የተሻለ መንገድ አለ?

ሁለተኛም ፋይል አለኝ፤ እሱ ኤችቲኤምኤል ነው። ሲቀየር ጭረት ያለበት ፊደል ሁሉ ጠፍቶ በየቦታው ጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይታያል። የሁለቱ ችግር አንድ ነው?

መልስ፦ ጋሽ አራሚ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ኢፐቡን አትንኪው። ፈልጎ መተካቱ አሁን ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የተበላሸውን ማረም ከጀመርሽ በኋላ የትኛው ፊደል በትክክል እንደገባና የትኛው እንደቀረ ለማወቅ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግድ ይሆናል። ዋናው ፋይል ደህና ከሆነ መጽሐፉ አልተጎዳም፤ የተሳሳተው አነባበቡ ብቻ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያስቀምጥም፤ የሚያስቀምጠው ባይት ነው፣ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር። ቴጉ ያለባት ኢ በዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ) ቁጥሯ 233 ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት) ስትጻፍ ግን ሁለት ባይት ትወስዳለች፦ 195 እና 169። አሁን ይህንኑ ፋይል አንድ ፕሮግራም ዊንዶውስ-1252 የሚባል ሌላ ኢንኮዲንግ ነው ብሎ ቢያነበው፣ እዚያ እያንዳንዱ ባይት ራሱን የቻለ አንድ ፊደል ነው፤ 195 ሞገድ የደፋች ትልቅ ኤ ናት፣ 169 ደግሞ የቅጂ መብት ምልክት። ያየሽው በትክክል ይህ ነው። አፖስትሮፉም በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፣ 226፣ 128፣ 153። በ1252 ሠንጠረዥ ላይ እነዚህ ቆብ ያላት ኤ፣ ዩሮና ቲኤም ናቸው። ስለዚህ ያለ ጥርጥር ፋይልሽ ዩቲኤፍ-8 ነው፣ ካሊበር ደግሞ ሌላ ነው ብሎ ወስዶታል።

ኖትፓድ ያልተሳሳተው ይዘቱን አይቶ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ስለለየ ነው። ተራ የጽሑፍ ፋይል ኢንኮዲንጉን የሚናገርበት ቦታ የለውም፤ የሚከፍተው ፕሮግራም ሁሉ በራሱ ይገምታል። አንዱ ያገኘዋል፣ ሌላው ይስታል።

መፍትሔው ይኸውልሽ። የተበላሸውን ኢፐብ ከካሊበር ላይ ሰርዢ፤ ቲኤክስቲው ግን እዚያው ይቆይ። የመቀየሪያ መስኮቱን ክፈቺና በስተግራ ካሉት ክፍሎች ሉክ ኤንድ ፊል የሚለውን ምረጪ። እዚያ ውስጥ ቴክስት የሚለው ገጽ ላይ ኢንፑት ካራክተር ኢንኮዲንግ የሚባል ባዶ ሣጥን አለ። ዩቲኤፍ-8 ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊበትና ቀይሪ። እዚያ የጻፍሽው ነገር የፕሮግራሙን ግምትም ሆነ ፋይሉ ስለራሱ የሚናገረውን ይሽራል።

ሣጥኑ ባዶ ካልሆነ፣ ማለትም ሌላ ነገር ቀድሞ ተጽፎበት ካገኘሽው፣ ምክንያቱን አገኘሽው ማለት ነው። ካሊበር ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የመጨረሻውን ምርጫ ያስታውሳል፤ በፕሪፈረንስ ውስጥ ባሉት የጋራ የመቀየሪያ ምርጫዎች ላይ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ አዲስ የሚገባውን መጽሐፍ ሁሉ ይነካል። ለአንድ መጽሐፍ የሚሆን ኢንኮዲንግ በጋራው ምርጫ ላይ መጻፍ አይገባም፤ የሚቀጥለውን መጽሐፍ ያበላሻል።

መልስ፦ ባይት ቆጣሪ

ጋሽ አራሚ የተናገሩት ሙሉ ነው፤ እኔ ስለ ሁለተኛው ፋይል ልጨምር። ያ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፣ ይበልጥም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ኤችቲኤምኤሉ በዊንዶውስ-1252 ወይም በቅርብ ዘመዱ በላቲን-1 የተጻፈ መሆን አለበት። እዚያ ቴጉ ያለባት ኢ አንድ ባይት ብቻ ናት፣ 233። በዩቲኤፍ-8 ሕግ ግን 233 የሚል ባይት «ከእኔ በኋላ ሁለት ተከታይ ይመጣሉ» ማለት ነው፤ ተከታዮቹም ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ መሆን አለባቸው። በፋይልሽ ውስጥ ከኢ ቀጥሎ የሚመጣው ተራ ፊደል ስለሆነ ሕጉ ይፈርሳል፤ አንባቢው ፕሮግራምም ምን እንደሆነ ስላላወቀ የመተኪያ ምልክቱን ያስቀምጣል። ጥቁሩ አልማዝ እሱ ነው፤ በዩኒኮድ ቁጥሩ 65533።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በይው። የመጀመሪያው ፋይል ላይ ሁለቱ እንግዳ ምልክቶች ውስጥ ትክክለኛው ባይት አለ፤ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። አልማዝ ሆኖ ሴቭ የተደረገ ፋይል ውስጥ ግን ዋናው ባይት የለም። ቴጉም ትሁን ግራቭ (ወደ ግራ ሽቅብ የሚወጣው ጭረት)፣ ሴዲልም ትሁን ቆብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አልማዝ ሆነዋል። ስለዚህ ያንን ኢፐብ ለማረም መሞከር በከንቱ መድከም ነው፤ ከዋናው ኤችቲኤምኤል እንደገና ጀምሪ።

ስትጀምሪ ደግሞ አንድ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ኤችቲኤምኤል ፋይል ወደ ካሊበር ስታስገቢ ፕሮግራሙ በዚፕ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው። ይህን የሚሠራው ኤችቲኤምኤል ቱ ዚፕ የሚባል ፕለጊን ነው፣ የራሱም የኢንኮዲንግ ምርጫ አለው። በመቀየሪያው መስኮት ላይ ያስተካከልሽው ካልሠራ በፕሪፈረንስ ውስጥ ወደ ፕለጊኖች ግቢና ፋይል ታይፕ ከሚለው ሥር አግኝተሽው እዚያ ላይ የዊንዶውስ-1252ን ሌላ ስም፣ ሲፒ1252 ብለሽ ጻፊ (ሲና ፒ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ክፍት ቦታ ሳይኖር ቁጥሩ)። ከዚያ ቀድሞ የገባውን መጽሐፍ አጥፍተሽ ኤችቲኤምኤሉን እንደ አዲስ አስገቢ። ድሮ የተጠቀለለው በነበረበት ይቀራልና እንደ አዲስ ማስገባቱን አትዝለይው።

ላቲን-1 ከማለት ሲፒ1252 ማለት ይሻላል። ሁለቱ ከ128 እስከ 159 ካለው በቀር አንድ ናቸው፤ ላቲን-1 እዚያ ቦታ ላይ የማይታዩ የመቆጣጠሪያ ቁጥሮችን ነው የያዘው፣ 1252 ግን የተጠማዘዙ ጥቅሶችን፣ ዩሮንና በፈረንሳይኛ የተጣበቁትን ኦ እና ኢ አስቀምጦበታል። ላቲን-1 ነኝ የሚል ፋይል በተግባር 1252 ሆኖ መገኘቱ እጅግ የተለመደ ስለሆነ የድር አሳሾች ጭምር ላቲን-1 የሚለውን ስም 1252 ብለው ነው የሚያነቡት።

መልስ፦ የጥንቱ ዲስክ

አጭር ጭማሪ። ፋይሉ በጣም የቆየ ከሆነ ሁለቱም ላይሠሩ ይችላሉ። በ1252 ስታነቢው ቴጉ ያለባት ኢ ባለችበት ቦታ ሁሉ የተገለበጠ ቆብ የደፋች ትልቅ ዜድ ካየሽ ጽሑፉ የመጣው ከድሮ ማኪንቶሽ ነው፤ በማክ ሮማን ያቺ ኢ 142 ናት፣ 142 ደግሞ በ1252 ዜድ ናት። ከመስመሩ ግርጌ ነጠላ ሰረዝ የመሰለ ጥቅስ ካየሽ ደግሞ ከዶስ ዘመን ነው፤ እዚያ 130 ናት። ለዚያኛው ሲፒ850 ብለሽ ሞክሪ። እነዚህን ምልክቶች የሚያውቅ ሰው ኢንኮዲንጎቹን በተራ እየሞከረ አይደክምም፤ ገጹን አይቶ ይለያል።

አንባቢዋ

ጋሽ አራሚ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሣጥኑ ውስጥ ሲፒ1252 ተጽፎ ነው ያገኘሁት። ዩቲኤፍ-8 አድርጌ ስቀይር መጽሐፉ ጠራ፤ አፖስትሮፎቹም፣ ግራቭ ያለባቸውም፣ ሁሉም።

ኤችቲኤምኤሉም በባይት ቆጣሪ መንገድ ተስተካክሏል፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ተጣብቀው የሚጻፉት ኦ እና ኢ ባሉባቸው ቃላት ሁሉ ግማሽ የሚለው ክፍልፋይ፣ ½፣ ገብቷል። «ልብ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መሐሉ ላይ ግማሽ ይዞ ቁጭ ብሏል። ሌላው ፊደል በሙሉ ደህና ነው።

መልስ፦ ባይት ቆጣሪ

ያቺ ½ ብቻዋን መልሱን ነግራናለች። ፋይልሽ ላቲን-1ም 1252ም አይደለም፣ አይኤስኦ-8859-15 ነው፤ አንዳንዶች ላቲን-9 ይሉታል። ይህኛው ከላቲን-1 ጋር አንድ ነው ሊባል ይችላል፣ ስምንት ቦታ ላይ ብቻ ይለያል። ከስምንቱ አንዱ 189 ነው፦ በላቲን-1 ግማሽ፣ በ8859-15 የተጣበቁት ኦ እና ኢ። ዩሮንም 164 ላይ አስገብቷል። ሲፒ1252 ያልሽበት ቦታ ላይ ይህንን ስም ጻፊና እንደ አዲስ አስገቢው።

ይህን የማነሳው ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ነው፦ አብዛኛው ፊደል ልክ ሆኖ አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ከተሳሳተ ኢንኮዲንጉ የቅርብ ዘመዱ ነው ማለት ነው። ሀንጋሪኛ ላይም ያው ነው። ሁለት ረጃጅም ጭረት ያለባት ኦ በማዕከላዊ አውሮፓው አይኤስኦ-8859-2 ውስጥ 245 ናት፤ በላቲን-1 ሲነበብ 245 ሞገድ የደፋች ኦ ትሆናለች። ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ጽሑፉ ትክክል ይመስላል፤ በዚህ ምክንያት ሳይታረም ለብዙ ጊዜ ይኖራል። እኔ ከአልማዙ ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው፤ አልማዙ ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል።

አንባቢዋ

ተስተካከለ! ቃሉ መሐሉ ላይ ፊደሉን አገኘ።

አሁን የመጨረሻ ጥያቄ። ሌላ አንድ ኢፐብ አለ፣ ከመጀመሪያው በተመሳሳይ መልክ የተበላሸ። ዋናው ጽሑፍ ግን በእጄ የለም፤ ያለኝ የተበላሸው ኢፐብ ብቻ ነው። እሱስ ተስፋ አለው?

መልስ፦ ባይት ቆጣሪ

አለው፣ አልማዝ ካልሆነ። ብልሽቱ የተፈጠረበትን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ነው፦ የሚታዩትን ምልክቶች በሲፒ1252 ወደ ባይት መመለስ፣ ከዚያ እነዚያኑ ባይቶች በዩቲኤፍ-8 ማንበብ። ሞገድ ያላት ኤና የቅጂ መብት ምልክቷ ተመልሰው 195 እና 169 ይሆናሉ፣ 195 እና 169 ደግሞ ኢ ይሆናሉ።

በካሊበር ኤዲት ቡክ ውስጥ መፈለጊያው ላይ ሬጀክስ-ፈንክሽን የሚባል ሞድ አለ፤ የተገኘውን ጽሑፍ አንድ አነስተኛ የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ፈንክሽን ተቀብሎ እንዲመልስ ያደርጋል። ቁጥራቸው ከ127 በላይ የሆኑ ተከታታይ ምልክቶችን እንዲፈልግ አድርጊውና ፈንክሽኑ ያገኘውን በሲፒ1252 ኢንኮድ፣ ቀጥሎ በዩቲኤፍ-8 ዲኮድ ያድርግ። ስህተት ከተፈጠረ ሳይነካው እንዲመልሰው አድርጊ፤ ይህ ከሌለ ደህና የነበረ ፊደል ላይ ሲደርስ ሥራው ይቋረጣል። ቅጂ ሳታስቀምጪ አትጀምሪ። ኮድ ካልወደድሽ ኤፍቲኤፍዋይ የሚባል የፓይተን ላይብረሪ ይህንኑ በራሱ ለይቶ ይሠራል፤ ግን የተጠማዘዙትን ጥቅሶች ወደ ቀጥተኛ የመለወጥ ልማድ አለው፣ ያንን ምርጫ አስቀድመሽ ዝጊው።

በአንድ ፊደል ፈንታ አራት ምልክት ካየሽ ብልሽቱ ሁለት ጊዜ የተደራረበ ነው። ቴጉ ያለባት ኢ ሁለት ጊዜ ስትበላሽ ሞገድ ያላት ኤ፣ የተቀጠለ ኤፍ የመሰለ ምልክት፣ ቆብ ያላት ትልቅ ኤና የቅጂ መብት ምልክት ትሆናለች። ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ ማስኬድ ነው።

መልስ፦ ጋሽ አራሚ

ባይት ቆጣሪ ያስረዱት ይሠራል፤ ሁሉም ግን አይመለስም፤ የማይመለሰው የት እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል።

ግራቭ ያለባት ትንሽ ኤ በዩቲኤፍ-8 195 እና 160 ናት። 160 በ1252 የማይሰበር ክፍት ቦታ ነው፤ ለዓይን ባዶ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች መንገድ ላይ ወደ ተራ ክፍት ቦታ ይለውጡታል፣ ያን ጊዜ ባይቱ 32 ሆነና ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ተዘጋ። በእስፓኒሽ ደግሞ ጭረት ያለባት አይ 195 እና 173 ናት፣ 173 የተደበቀ ሰረዝ ስለሆነ አንዳንድ ፕሮግራም ጭራሽ ይጥለዋል። ሌላም አለ፦ 1252 አምስት ቁጥሮችን ባዶ ትቷል፣ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። የሚዘጋው የተጠማዘዘ ድርብ ጥቅስ ሦስተኛ ባይቱ 157 ነው። ለዚህ ነው በተበላሹ መጻሕፍት ውስጥ ከፋቹ ጥቅስ ተመልሶ ዘጊው ሳይመለስ የሚቀረው።

እንግዲህ ፈልጎ መተካት ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፣ ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ። ፈረንሳይኛ ውስጥ ሞገድ የደፋች ትልቅ ኤ ስለሌለች፣ ከሥራው በኋላ ከእሷ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ይዛ ብቻዋን የቀረች ካገኘሽ ግራቭ ያለባት ኤ እንደነበረች አትጠራጠሪ፤ እሱን በአንድ ጊዜ ተኪው። ነገር ግን ክፍት ቦታውን ተመልከቺ፦ አንዳንዴ ያ ባዶ ቦታ የፊደሉ ግማሽ ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከቀጣዩ ቃል የሚለየውም ከእሱ ጋር ተዋህዷል። ሳይታይ ከተተካ ሁለት ቃል ይጣበቃል። ዘጊውን ጥቅስ ግን ፕሮግራም ቢሞክረውም አላምነውም፤ እኔ ብሆን በዓይኔ እያየሁ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። የሰው ንግግር የት እንዳበቃ የሚያውቀው አንባቢው ነው።

መልስ፦ ፊደል ገበታ

በአማርኛ መጻሕፍትም ይህ ይደርሳልና ጥቂት ልበል። የግዕዝ ፊደላት በዩቲኤፍ-8 ሦስት ሦስት ባይት ናቸው፣ «ሀ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128። በ1252 ሲነበብ 225 ጭረት ያለባት ትንሽ ኤ ስለሆነች፣ ገጹ ሁሉ በየሦስት ምልክቱ ያቺን ኤ እየደጋገመ ከታየ መጽሐፉ አማርኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ሣጥኑ ውስጥ ዩቲኤፍ-8 መጻፍ ይበቃዋል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ሲሆን አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ኢንኮዲንግ መቀየር አይፈታውም፣ ለዚያ ፎንት የተሠራ መቀየሪያ ያስፈልጋል።

ባዶ አራት ማዕዘን ሣጥን የሚታያችሁ ደግሞ ምናልባት ኢንኮዲንጉ ልክ ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው። ለመለየት ሣጥኑን ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉት፤ እዚያ ትክክለኛው ፊደል ከወጣ መጽሐፉ ጤነኛ ነው። ያን ጊዜ ፊደሉን የያዘ ፎንት ኢፐቡ ውስጥ መክተት ነው፤ ካሊበር እዚያው ሉክ ኤንድ ፊል ውስጥ ምርጫው አለው።

ፊደሉ ደህና ሆኖ ጭረቱ ብቻ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ከታየም ሌላ ነው፦ ኢ ለብቻዋ፣ ጭረቱም ለብቻው (ቁጥሩ 769) ሆነው ተጽፈዋል። ዩኒኮድ ሁለቱንም አጻጻፍ ይፈቅዳል፤ አንዳንድ ማንበቢያ ግን አያጣምራቸውም። ኤንኤፍሲ በሚባለው ኖርማላይዜሽን ወደ አንድ ፊደል ማዋሐድ ይቻላል።

መልስ፦ ባይት ቆጣሪ

ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ለምትጠቀሙ አንድ ማሳሰቢያ። ኢንኮዲንግ የሚለው ሜኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ አለ። የላይኞቹ ባይቱን ሳይነኩ አነባበቡን ይለውጣሉ፤ ኮንቨርት የሚል ያለባቸው ደግሞ ባይቱን ራሱን ይለውጣሉ። ጽሑፉ ተበላሽቶ እየታያችሁ ኮንቨርት ብትሉና ሴቭ ብታደርጉ ብልሽቱ ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል፤ የተደራረበው ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። መጀመሪያ በላይኞቹ ጽሑፉ እስኪጠራ ድረስ ምረጡ፣ ከጠራ በኋላ ብቻ ወደ ዩቲኤፍ-8 ኮንቨርት አድርጉ።

ኢንኮዲንጉን በማያከብር መሣሪያ ማለፍ ግድ ከሆነ ደግሞ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ፊደሉን በቁጥሩ ጻፉት፣ ቴጉ ያለባትን ኢ é ብላችሁ። ይህ በተራ ምልክቶች ብቻ የተሠራ ስለሆነ በዩቲኤፍ-8ም ተነበበ በ1252 አይለወጥም።

አንባቢዋ

ሦስተኛውም ተመለሰ። ግራቭ ያለባቸውን ኤዎች ጋሽ አራሚ እንዳሉት ክፍት ቦታውን እያየሁ ተካኋቸው፤ ዘጊ ጥቅሶቹን በእጄ እያስገባሁ ነው፣ ገና ነኝ። አንድ የሚገርም ነገር፦ ውስጡ ጠርቶ የመጽሐፉ ስም በመደርደሪያው ላይ እስካሁን የተበላሸ ነው።

መልስ፦ ጋሽ አራሚ

ስሙ የሚመጣው ከምዕራፎቹ ሳይሆን ኢፐቡ ውስጥ ካለው ኦፒኤፍ ከሚባል ፋይል ነው፤ የአንቺ ፍለጋ የደረሰው ምዕራፎቹን ብቻ ነው። በካሊበር ኤዲት ሜታዳታ ብለሽ ርእሱንና የደራሲውን ስም በትክክል ጻፊ፤ ስሙ የሚደረደርበት ሌላ ሣጥን ከጎኑ አለና እሱንም አርሚው። ከዚያ መሣሪያው ላይ ያለውን አሮጌ ቅጂ አጥፍተሽ አዲሱን ላኪ። የማውጫውንም ርእሶች አንድ ጊዜ ተመልከቻቸው፣ እነሱም የሚቀመጡት ለብቻቸው ነው።